ድንጋይ ያነሡት አባ ሱራፌል

አደጋው የመጣብኝ በጣፋጭ ድምፅ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ዊተን ካለው ግሮሰሪ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ወርቁ ናቸው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ታክሲ ከሚነዱት የአገራችን ሰዎች በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው፤ ሠርግም ሆነ ለቅሶ እሳቸው ካልደረሱ አይጀመርም።

«ብርቅነሽ ልጄ፣ እንደምን አለሽ? ቤዛዬስ አደገች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ትዳር አይፈርስም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነን እንመጣለን። ጌታነህ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። ያለሽበትን ቤት ነግሮናል።»

ሽንኩርቱ ከእጄ ወድቆ ወደ ድንቹ ተንከባለለ።

ጌታነህ የልጄ አባት ነው። ከእሱ ቤት የወጣሁት አንገቴን አንቆ ግድግዳ ላይ ባጣበቀኝ ማግስት ነው። ሲመታኝ የኖረ ሰው ነው፤ አንገት ግን ሌላ ነገር ነው። የዚያን ዕለት ዓይኑን አይቼ፣ ይሄ ሰው ሌላ ቀን አይለቀኝም ብዬ፣ ቤዛን ከነትምህርት ቤት ቦርሳዋ ይዤ ወንዙን ተሻግሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባሁ። አንገቴን ማነቁን ለማንም አልተናገርኩም። የት እንዳለሁ የሚያውቅም አልነበረም። ለካ ቤዛ ለአባቷ በስልክ ነግራዋለች። «ማም፣ ሂ አስክድ» አለችኝ። ስለጠየቀኝ ነው ማለቷ ነው። ልጅ ናት፣ ምን ልበላት።

የድንጋዩን ነገር እዚህ ለተወለዱት ልናገር። በእኛ አገር የበደለ ሰው ከባድ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ በሽማግሌ ታጅቦ ከተበደለው ሰው ደጅ ይቆማል። «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪባል አያወርደውም። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው የሚመልስ የለም። ከመለስሽው የሱ በደል ይረሳና ያንቺ ጭካኔ ሲወራ ይኖራል።

ፖሊስ ጥሪ የሚል አይጠፋም። ሽማግሌ ላይ ፖሊስ ይጠራል? ደግሞስ የፈራሁት ጌታነህን ብቻ አልነበረም፤ የገዛ አፌንም ነው። ሰው አጎንብሶ ካየሁ «ይቅር» እንደምል አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። ይቅር ካልኩ ደግሞ ተመልሼ አሌክሳንድሪያ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አንገቴ ያውቀዋል።

እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ዊተን ባቡር ጣቢያ ያለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ማለቂያ የለውም፤ እሱን ፈርቼ ስንት ጊዜ አውቶቡስ ጠብቄያለሁ። ከመንግሥት የመጣ ፖስታ ሳልከፍተው ይሰነብታል። ይሄን የምጽፈውም በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኩት ፊደል ስለሆነ ስሕተቱን እለፉልኝ። አባ ሱራፌል ካረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ የሚያውቃቸውም ሰው እያለቀ ነው። ሳልናገር ብቀር ነፍሳቸው ትስቅብኛለች ብዬ ነው።

የምሠራበት ቤት የሸመገሉ የካቶሊክ ካህናት የሚጦሩበት ነበር። እኔ የአባን ገላ አጥባለሁ፣ ጢማቸውን እላጫለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ፤ ለእኔና ለቤዛ ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል ሰጥተውናል። አባ ዘጠና አልፏቸዋል። ትውልዳቸው ጣልያን ነው። የመጀመሪያው ቀን ያጠናሁትን «ጉድ ሞርኒንግ ፋዘር» ስል፣ ከወንበራቸው ቀና ብለው ጥርት ባለ አማርኛ፣ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ? የዳባት ሰው ትመስዪኛለሽ» አሉኝ።

እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። ደነገጥኩ። ለካ የቀጠሩኝ ቄስ አስቀድመው ነግረዋቸዋል። እሳቸው ግን «በጠረን ነው ያወቅሁሽ» እያሉ ለሳምንታት አሳምነውኛል፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ሽቶ እየተቀባሁ እገባ ነበር።

በዚያው ሰሞን ላናፍሳቸው ግቢ ወጣን። ከአበባው ጥግ የፍየል ግልገል የሚያህል ድንጋይ አለ። አባ መደገፊያቸውን አቁመው፣ «ብርቄ፣ እምነት ተራራ ያፈልሳል ይላል ወንጌሉ። እዚህ ተራራ የለም። ድንጋይ እንሞክር?» አሉኝ። ማንኪያ ስትይዝ የምትንቀጠቀጠውን እጃቸውን ሰደድ አድርገው ድንጋዩን ብድግ! በአንድ እጅ!

«በስመ አብ!» ብዬ እስከ መንገዱ ሮጥኩ። እኚህ ሰው ቄስ ሳይሆኑ ድግምተኛ ናቸው ብዬ ወሰንኩ። ቀስ ብዬ ስመለስ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው በሳቅ ያነባሉ። ድንጋዩ ለካ ድንጋይ አይደለም። ፕላስቲክ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ፈረንጆቹ የውሃ ቧንቧ ይሸፍኑበታል፤ ከላይ ግን ሽበቱ ሳይቀር ድንጋይ ነው።

«አሜሪካ ድንጋይ አጥታ ነው የምትሠራው?» አልኳቸው።

«ድንጋይስ አልጠፋም» አሉ። «ይከብዳል።»

መስቀላቸውን ግን አልሳለምም ነበር። እኔ ተዋሕዶ ነኝ፣ እሳቸው ካቶሊክ። ጠዋት ጠዋት ያቺን ከእንጨት የተሠራች መስቀል ሲዘረጉልኝ፣ ላለማስቀየም ከመስቀሉ አጠገብ ያለውን አየር እሳለማለሁ። እሳቸውም እንዳልሳሳት መስቀሉን ፈቀቅ ያደርጉልኛል። «ዛሬ በቀኝ ነው በግራ?» ይሉኛል።

አንድ ቀን ጢማቸውን ስላጭ፣ «ሰው መስቀሌን አለመሳለሙን የለመድኩት ወገራ ነው» አሉኝ። ወገራ ማለት የእኔው አገር፣ ዳባት ያለችበት ነው። ወሬው ከዚያ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ምላጭ ባነሣሁ ቁጥር ወገራ ነን።

ወገራ የሄዱት በጣልያን ጊዜ፣ ገና በወጣትነታቸው ነው። ከአገራቸው የመጡ ገበሬዎች በተቀማ መሬት ላይ ሰፍረው ነበር፤ አባ የተላኩት የእነዚያ ቄስ ሆነው ነው። ቤቶቹ አንድ ዓይነት፣ ኖራ የተቀቡ፣ ሁሉም ለአገሬው መንደር ጀርባቸውን የሰጡ። ዙሪያው እሾህ ሽቦ። ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ስለነበር ዝናብ ሲጥል ስብከት አይሰማም። «ደህና አድርጌ የሰበክሁት ያኔ ነው» ይሉኛል።

ደወላቸው የመድፍ ቀለሃ ነበር። መጀመሪያ ለጸሎት የደወሉት ቀን አገሬው ጦርነት ነው ብሎ ጋራ ወጣ። ሰፋሪው አገሬው ጋራ ሲወጣ አይቶ፣ እሱም ጦርነት ነው ብሎ አልጋ ሥር ገባ። ቅዳሴውን አባ ብቻቸውን ቀደሱ።

ገበሬዎቹ ስንዴውን በአገራቸው ወር ዘርተው ሰማዩ ደረቅ ሲሆንባቸው፣ «አባ፣ ዝናብ ይለምኑልን» አሉ። «ለመንኩ» አሉኝ አባ። «እግዚአብሔር ግን የወገራ ሰው ነው። በሰኔ እንገናኝ አለኝ።»

ከአገሬው ጋር መጫወት ክልክል ነበር። እሳቸው ግን በሽቦው ሥር እየሾለኩ፣ ከወንዙ ማዶ አንድ ዓይነ ስውር የኔታ ዘንድ አማርኛ ይማሩ ነበር። ቀሚሳቸው በሽቦ ይቀደዳል። የሰፋሪዎቹ ሚስቶች ሲሰፉላቸው «ምን ቀደደብዎት?» ሲሏቸው «ፍየል» ይላሉ።

«ሰፈሩ ውስጥ ፍየል ነበር?» አልኳቸው።

«አንድም።»

ሱራፌል ብለው ስም ያወጡላቸውም የኔታ ናቸው፤ የጣልያን ስማቸው ምላስ ያስራል ብለው። ቢሆንም መስቀላቸውን አልተሳለሙም። «መስቀልህ የሚያድረው ሽቦ ውስጥ ነው» አሏቸው። «ሽቦው የወደቀ ቀን አምጣልኝ።»

«ወደቀ?»

«ወደቀ እንጂ። እኔም ከሌሎቹ ጋር ምርኮኛ ሆኜ ስነዳ፣ የኔታ መሬቱን በበትር እየዳበሱ መንገድ ዳር ወጡ። "ሱራፌል የትኛው ነው?" እያሉ ሰልፉን ይጠይቃሉ። ቀረብሁ። መስቀሉን ዳብሰው ተሳለሙት። ወታደሩ ሁለታችንንም ገፈተረን።»

ይሄን ሲናገሩ አልቀለዱም። ምላጩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያው፣ «ብርቄ፣ በቀኝ በኩል ጢም ረስተሻል» አሉኝ።

እንግዲህ ያን ቀን ከዊተን ሽንኩርቱን ሳልገዛ የሮጥኩት ወደ እኚህ ሰው ነው። እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

«በስንት ሰዓት ይመጣሉ?» አሉኝ።

«አባ፣ እኔ እየሞትኩ አንቱ ሰዓት ይጠይቁኛል?»

«ሻዩ ስንት ብርጭቆ እንደሚሆን ላውቅ ነዋ። ለመሆኑ የምትፈሪው ምኑን ነው? ሰውየውን ነው አፍሽን?»

«ሁለቱንም።»

«ሰውየውን በኋላ እናየዋለን። አፍሽን ግን ለእሑድ አውሺኝ። "ተናገሪ" እስክልሽ ድረስ የእኔ ነው።»

«ባልችልስ?»

«ሻይ ጠጪ። አፉ የሞላ ሰው አይናገርም።»

እሑድ መጡ፤ የካህናቱ ሳሎን አስገባናቸው። ጋሼ ወርቁ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሁለቱ ሽማግሎች ነጠላ ደርበው። ከኋላቸው ጌታነህ። በሁለት እጁ የያዘው ግራጫ ድንጋይ ማጅራቱን ውጦታል፤ ጎብጦ መሬት መሬት ያያል። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ቤዛን ጓዳ ገብተሽ ተቀመጪ ብያት ነበር፤ በበሩ ስንጥቅ ዓይኗ ይታየኛል። እኔማ ገና እንዳየሁት አዘንኩለት።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሼ ወርቁ። «እሺ እስክትይን ድረስ ቆመን ነው።»

«እዚህ ቤት ከሁላችሁ የምበልጥ ሽማግሌ እኔ ነኝ» አሉ አባ። «ተቀመጡ።»

ጋሼ ወርቁ ዞረው አዩኝ። «እኚህ ፈረንጅ ደግሞ…?»

«የልጅቷ ወገን ነኝ» አሉ አባ። «ወገሬ ነኝ።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ተቀመጡ። ዘጠና ያለፈው ሰው ተቀመጡ እያለ ማን ይቆማል? ጌታነህ ብቻ ቀረ፤ ድንጋይ የተሸከመ አይቀመጥም።

ጋሼ ወርቁ በዚያ በሚያባብል ድምፃቸው ጀመሩ። ሰይጣን መሀል ገብቶ ነው፣ ሰው ይሳሳታል፣ ልጅ ያለ አባት አታድግም። ከድንጋዩ ሥር ጌታነህም፣ «ብርቄ፣ ተሳስቻለሁ። ለቤዛ ስትዪ» አለ። እንባዬ መጣ። አፌን ከፈትኩ።

«ሻይ!» አሉ አባ።

ጠጣሁ። ምላሴን አቃጠለኝ።

«ነገሩ ከባድ ነው» አሉ አባ ወደ ሽማግሎቹ ዞረው። «ከባድ ነገር ሲገጥመኝ ወገራ ያየሁት ትዝ ይለኛል። ልንገራችሁ?»

ሽማግሌ እንዴት እንቢ ይላል። «እንዴታ!» አሉ።

ጀመሩ። ጀመሩ ስል በቀላሉ እንዳታዩት፤ የጀመሩት ከመርከቡ ነው። መርከቡ ላይ ያስመለሳቸውን በየተራ አወሩ። ከምጽዋ አሥመራ ወጡ። ከአሥመራ ወዲህ የነከሰቻቸውን በቅሎ ስም፣ ጠባይ፣ የጥርሷን ቁመት ተረኩ። ሻይ ሁለተኛ ተቀዳ። አንዱ ሽማግሌ አንቀላፋ። ጌታነህ እንደጎበጠ ነው። እኔ ደግሞ በአባ ተናደድኩ፤ ይሄ ሰው አንገቱ ሊቀነጠስ እሳቸው በቅሎ ያወራሉ! ኋላ ግን አንድ ነገር አየሁ። አባ ወሬውን የሚነግሩት ለሽማግሎቹ ነው፤ ዓይናቸው ግን ከጌታነህ ግንባር አልተነሣም።

«የሰፈራው አለቃ» አሉ አባ፣ «ከአገሬው የአንድ ገበሬ በሬዎች ቀምቶ፣ ገበሬውንም ገርፎት ነበር። ነገሩ ሲከርበት ጊዜ በአገራችሁ ደንብ እታረቃለሁ አለ። ድንጋይ ተሸክሞ ከሽማግሎቹ ፊት ቀረበ። ትልቅ ድንጋይ! ሽማግሎቹ አዘኑለት። የኔታ ብቻ ዝም አሉ። ዓይናቸው ስለማያይ የድንጋዩን ትልቅነት አላዩም። የሚሰሙት እስትንፋሱን ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ሱራፌል፣ ይሄ ሰው የሚተነፍሰው እንደተኛ ሕፃን ነው" አሉኝ።»

እዚህ ላይ አባ ወሬውን አቆሙ። ስኳር አቀብዪኝ አሉ። ቀስ እያሉ አማሰሉ።

ያኔ ነው ጌታነህን ላብ ያላበው። መርከቡም በቅሎዋም እስኪያልፉ ድረስ ደርቆ የቆየ ግንባር፣ አሁን ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ላብ ወረደበት።

«ከዚያስ?» አሉ ጋሼ ወርቁ።

«ከዚያማ የኔታ ተነሡ።» አባም መደገፊያቸውን ይዘው ተነሡ። «"ይሄ ልጅ ደክሞታል። እኔም ኃጢአተኛ ነኝ። እስቲ ላግዘው" አሉ።»

«ኧረ አባ፣ ይጎዳሉ!» ጋሼ ወርቁ ብድግ አሉ።

ጌታነህ ወደ ኋላው ሸሸ። «አይ፣ አይ! እኔ እችለዋለሁ። ይከብድዎታል።»

«ይከብደኝ ይሆናል» አሉ አባ።

ያቺን የምትንቀጠቀጥ እጃቸውን ሰደዱ። ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ ብድግ አድርገው በአንድ እጅ ያዙት። ደግሞ እንደ ዳቦ ገለበጡና ሆዱን ለሽማግሎቹ አሳዩ። ባዶ ነው። የሱቁ ወረቀት እንኳ ከውስጡ አልተላጠም።

ከጓዳው በር ቤዛ፣ «ማም! ኢትስ ፌክ!» አለች።

«ከመኪናው ላግዝህ ብለው እምቢ ያለኝ ለዚህ ነው?» አሉ ጋሼ ወርቁ፤ ድምፃቸው ቀጠነ። «"ኃጢአቴ ነው፣ ብቻዬን ልሸከመው" ብሎኝ እኮ አስለቅሶኛል!»

«ምን ችግር አለው?» አለ ጌታነህ ቀና ብሎ። «ያው ምልክት ነው! አሜሪካ ነው ያለነው! ቀኑን ሙሉ ስነዳ ውዬ ወገቤን ያመኛል!»

«አስቀድሼ ወጥቼ ፕላስቲክ አጀብኩ በለኛ!» አሉ ጋሼ ወርቁ።

ያንቀላፋው ሽማግሌ ነቅቶ ድንጋዩን በጣቱ አንኳኳው። ኳ ኳ አለ። መሳቅ አልነበረበትም፤ ሳቀ። በዚያች ሳቅ ጌታነህ ተለወጠ። ወደ እኔ ዞረ። ያን የአሌክሳንድሪያውን ዓይኑን አየሁት። «ያዋረድሽኝ አንቺ ነሽ!» ብሎ እጁን ወደ አንገቴ ሰደደ። ጋሼ ወርቁ መሀል ገቡ፤ ደረታቸውን ገፍትሯቸው ከወንበሩ ጋር ሊወድቁ ነበር። ሁለቱ ሽማግሎች ግራና ቀኝ ያዙት።

አባ ያን ጊዜም እንደቆሙ ናቸው፤ ድንጋዩን በብብታቸው ይዘው።

«ብርቄ» አሉኝ። «ተናገሪ።»

«አልመለስም» አልኩ። ድምፄ ትንሽ ነበር፤ ግን ወጣ። «አንቆኛል። አሁን ሊያደርግ እንደነበረው። ሁለተኛ ቤቱ አልገባም።»

ጋሼ ወርቁ አንገቴን አዩ፣ ከዚያ የእሱን እጅ አዩ። የሚያባብለው ድምፃቸው አልነበረም። «ስማ ጌታነህ። አሌክሳንድሪያ ያለን ሁሉ የአንድ እድር ሰዎች ነን። ከዛሬ ወዲህ በዚህች ልጅ ደጅ ብትታይ፣ ስልክ ብትደውልላት፣ ለቅሶህን የሚደርስ ሰው አይኖርም። ዋስ ጥራ!» እሱ የሚጠራው ሲያጣ ሁለቱ ሽማግሎች «እኛ ዋስ ነን፤ አያያትም» አሉ። እንደያዙት ይዘውት ወጡ። ጋሼ ወርቁ ከበሩ ላይ ተመለሱና፣ «ሰኞ ጠዋት መጥቼ ፍርድ ቤት እወስድሻለሁ። ያየሁትን እናገራለሁ» አሉኝ።

ሲሄዱ አባ ወንበራቸው ላይ ዘጭ አሉ። ደክሟቸዋል።

«አባ፣ የኔታ እውነት ድንጋዩን አነሡት?»

«አነሡት። እሳተ ገሞራ የተፋው፣ እንደ አረፋ የቀለለ ድንጋይ ነበር። ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። አለቃው ግን ጠመንጃ ነበረው።»

«በሬዎቹስ?»

«ተበሉ።» ድንጋዩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «እኔ ዓርብ ነው ብዬ አልበላሁም» አሉ። «ያኔ ሽማግሎቹ አወቁ እንጂ ማስጣል አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ፣ ብርቄ፣ ቀላል ድንጋይ የተሸከመ ሰው እንዲመጣልኝ ስጠብቅ ነው የኖርሁት።»

የጌታነህን ድንጋይ አውጥቼ ከቧንቧው ድንጋይ አጠገብ እንዳስቀምጠው አዘዙኝ። «ይዋለዱ» አሉ።

ሰኞ ጋሼ ወርቁ በቃላቸው ተገኙ። ዳኛዋ ፊት እኔም እሳቸውም እጃችንን አንሥተን ምለን፣ ያየነውን ተናገርን። ጌታነህ ወደ እኔና ወደ ቤዛ እንዳይጠጋ ተከለከለ። ሽማግሌውም ሕጉም በአንድ ሳምንት ከእኔ ጋር ሲሆኑ አይቼ አላውቅም ነበር።

ስመለስ አባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ፊቴን አዩ። መስቀላቸውን ዘረጉና እንደ ልማዳቸው ፈቀቅ አደረጉልኝ።

«ዛሬ በቀኝ ነው በግራ?»

እንዳያርቁት የእጃቸውን አንጓ ያዝኩና እንጨቱን ራሱን ተሳለምኩት።

«ተጠንቀቂ!» አሉ አባ። «የካቶሊክ ነው። ይጋባብሻል።»

«ይጋባ» አልኳቸው። «አባ፣ ዳንኩ። ቤዛም ድናለች።»